ሐኪሟ ያላየቻቸው ጆሮዎች

እናቴ ለሐኪሟ እውነቱን አልነገረቻትም። ሐኪሟ አዲስ አበባ ሆና በቪዲዮ «ያ ነገር ቀነሰ ወይስ ባሰ?» ብላ ስትጠይቃት፣ እናቴ ደሴ ላይ፣ ከሳሎናችን ፍራሽ ላይ ተቀምጣ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አለቻት። ደህና አልነበረችም። ስልኩን ይዤ ከጎኗ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። ፊቷ በካሜራው ውስጥ በደንብ እንዲታይ፣ ድምፁ ጎላ ብሎ እንዲሰማት፣ ኔትወርኩም እንዳይቆራረጥ እየታገልኩ ነበር። ቀጠሮው በሰላም አለቀ። «አላህ ይስጥሽ ልጄ» ብላ መረቀቻት። እኔም ቁም ነገር እንደፈጸመ ሰው ልቤ ሞልቶ ወደ ሱቄ ሄድኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ታላቅ እህቴ ከኮምቦልቻ መጣች። ከእናቴ ጋር ጓዳ ውስጥ ብዙ ቆዩ። እህቴ ስትወጣ ፊቷ ተለዋውጧል። «እማዬ ለሐኪሟ ምንም አልነገረቻትም» አለችኝ። «እኔ እኮ አጠገቧ ነበርኩ፣ ሁሉንም ጠይቃታለች» አልኳት። እህቴ ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «እሱ ነው እኮ ነገሩ፤ አንተ አጠገቧ ተቀምጠህ እንዴት ትንገራት?» አለችኝ።

ሕመሙ ምን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። ይህን ከመጻፌ በፊት እናቴን ፈቃድ ጠይቄያት ነበር። አስባ አስባ «የእኔን ነገር ሳትጠራ ከሆነ ጻፍ» አለችኝ። ስለዚህ አንባቢ የሚያውቀው ሴት ልጅ ለወንድ ልጇ የማትነግረው ዓይነት ሕመም መሆኑን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ክትትሏ ተስተካክሏል፣ አሁን በጥሩ ሁኔታ ላይ ትገኛለች። ያ ሦስት ሳምንት ግን ከአእምሮዬ አይጠፋም። ሐኪሟ የተሻላት መስሏት በነበረው መድኃኒት እንድትቀጥል ያዘዘቻት በዚያ ቀጠሮ ነበር። የተሳሳተ መልስ የወለደው ትእዛዝ ነበር፤ የተሳሳተውን መልስ የወለደው ደግሞ የእኔ እዚያ መቀመጥ ነው።

የእናቴ ሐኪም ለምን አዲስ አበባ እንደሆነች ልናገር። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ደጃፍ ሲደርስ እንደ ብዙው ሰው እኛም የያዝነውን ይዘን ወጣን። አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ተጠግተን ሳለ እናቴ ታመመች፤ ከአንዲት ሐኪም ጋር የተገናኘችው ያኔ ነው። በኅዳር መጨረሻ ከተማዋ ተለቅቃ ስንመለስ የደሴው ትልቁ ሆስፒታል ተዘርፎ ነበር። ለክትትል የሚመላለስ ሕመምተኛ ሁሉ ግራ የተጋባበት ጊዜ ነበር። እናቴም «እሷን ለምጃታለሁ» አለች። ከደሴ አዲስ አበባ 401 ኪሎ ሜትር ነው። ኮምቦልቻን፣ ከሚሴን፣ ሸዋ ሮቢትን አልፎ፣ የጣርማ በርን ዳገት ወጥቶ፣ በደብረ ብርሃን ብርድ አድርጎ የሚደረስበት መንገድ ነው። ጉልበቷ ለሚያማት ሴት ያ መንገድ ራሱ ሕመም ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ያሰጋል። ስለዚህ ሐኪሟ ራሷ «አስፈላጊ ካልሆነ አይምጡ፣ በስልክ እንገናኛለን» አለቻት። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ በተራ የስልክ ጥሪ ቀጠልን። ሲመለስ ወደ ቪዲዮ ተመለስን። ይህ አገልግሎት ለእኛ ቤት ቅንጦት አይደለም። ስለዚህ የምጽፈው በስልክ መታከምን ለማጣጣል አይደለም፤ እንዲኖር አጥብቄ ስለምፈልግ ነው።

አሁን ወደዚያ ቀን ልመለስ። ቀጠሮው ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነበር። ረፋድ አምስት ሰዓት ወሎ ቤት ውስጥ ምን እንደሚመስል ወሎዬ ሁሉ ያውቃል። ቡና ተፈልቷል፣ ሉባንጃው ይጨሳል። የአሰፋ እናት ከላይኛው ቤት መጥታለች፣ የከድር እናት ከማዶ። የወንድሜ ትንሽ ልጅ መሬት ላይ ትጫወታለች። እናቴን ለመጠየቅ የመጣ የሩቅ ዘመድ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ስልኩ ሲጠራ ሁሉም ለአክብሮት ዝም አሉ። እኔ እናቴ ጆሮዋ ስለሚከብዳት ስፒከሩን ከፈትኩ። የሐኪሟ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው። ካሜራው የእናቴን ፊትና ከጀርባዋ ያለውን ግድግዳ ብቻ ነው የሚያሳየው። ሐኪሟ የምታየው በሰላማዊ ቤት ብቻዋን የተቀመጠች አንዲት እናት ነው። ከስክሪኑ ውጭ የነበሩትን አምስት ሰዎች፣ አሥር ጆሮዎች፣ አላየችም። ማን እንዳለም አልጠየቀችም። እኔም አልነገርኳትም፤ የሚነገር ነገር መሆኑን አላወቅኩም ነበርና።

የሐኪም ቤት ምርመራ ክፍልም ፍጹም አይደለም። ተራ እየጠበቅን ስማችን በኮሪደር ሲጠራ ኖረናል፤ መጋረጃ ብቻ በለያቸው ሁለት አልጋዎች መካከል የሌላ ሰው ሕመም ሳይወድ በግድ ያልሰማ አስታማሚ የለም። ቢሆንም እዚያ በር አለ። በሩን የሚዘጋ ሰውም አለ። ነርሷ «አስታማሚ ውጭ ይቆይ» ትላለች፤ አስታማሚው ያጉረመርማል፤ ግን ይወጣል። ሕመምተኛው ራሱ «ልጄን አስወጡልኝ» ማለት አይጠበቅበትም። ያቺ የነርሷ አንዲት ዓረፍተ ነገር ስንቱን ከኀፍረት እንዳዳነች የገባኝ ሳጣት ነው። ቀጠሮው ወደ ቤታችን ሲመጣ መድኃኒቱ መጣ፣ ምክሩ መጣ፣ ሐኪሟም በስክሪን መጣች፤ በሩን የምትዘጋዋ ነርስ ግን አልመጣችም። ሥራዋ በማን እጅ እንደወደቀ የነገረን የለም።

ሐኪም ምስጢር ለመጠበቅ ይምላል። የሂፖክራተስ ቃለ መሐላ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ በሕክምና ጊዜ የታየና የተሰማ ነገር በውጭ እንዳይነገር ያኔም ያስምል ነበር። በእኛም አገር የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሥራ ምስጢር የሚያወጡ ባለሙያዎችን ይቀጣል፤ ሐኪሞችም በዚያ ውስጥ አሉ። እናቴ ፊት ከነበርነው ሰዎች ውስጥ የማለች አንዲት ነበረች፤ እሷም 401 ኪሎ ሜትር ርቃ ነው ያለችው። እኔ አልማልኩም። የአሰፋ እናት አልማሉም። በሩ አጠገብ የተቀመጠው ዘመዳችንም አልማለም።

ጎረቤቶቻችንን እየወቀስኩ እንዳልሆነ ልብ ይባልልኝ። እነዚህ ሴቶች እናቴ ስትታመም ሌሊት አብረዋት ያደሩ፣ አጥሚት የሠሩላት፣ አንዷ በዱዓ ሌላዋ በጸበል የለፉላት ናቸው። እኛ ዘንድ የታመመ ሰው ብቻውን አይተውም፤ ብቻውን መተው ነውር ነው። በር መዝጋት ራሱ «ምን ደብቀው ነው?» ያሰኛል። ለዚህም ነው ነገሩ ከባድ የሚሆነው። ምስጢርን ከክፉ ሰው መጠበቅ ቀላል ነው፤ ከጠላትህ ትደብቃለህ። የእናቴ ምስጢር መጠበቅ የነበረበት ግን ከሚወዷት ሰዎች ነው፤ ከሁሉ በፊትም ከእኔ። ፍቅር ደግሞ በር አያንኳኳም፤ ዘው ብሎ ይገባል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያልን አድገናል። ተረቱ እውነት አለው፤ ግን ሁልጊዜ የሚወቅሰው ታማሚውን ነው። ለምን ደበቅህ? ለምን አልተናገርክም? እናቴ ለመናገር ፈልጋ ነበር። እህቴ እንደነገረችኝ ከቀጠሮው በፊት ሌሊቱን ሙሉ ቃላቱን ስታዘጋጅ ነበር ያደረችው፤ እንዴት ብዬ ልጀምር እያለች። ቃሉ ነበራት፤ የምትናገርበት ቦታ ግን አልሰጠናትም። ሐኪሟ «እንዴት ነዎት?» ስትላት፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የሚወጣው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ «አልሐምዱሊላህ»። ይህ ቃል ለአላህ ምስጋና ነው፣ ለእንግዳም መልስ ነው። ለሐኪም ግን መልስ አይሆንም።

እህቴ የነገረችኝን ይዤ ሱቅ ሄድኩ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለኝ። ማመልከቻ እንጽፋለን፣ ፎርም እንሞላለን፣ ስካን አድርገን እንልካለን። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የሚመጣው ሰው ተለውጧል። ድሮ የትምህርት ማስረጃና መታወቂያ ነበር። አሁን በየቀኑ የላቦራቶሪ ውጤት፣ የራጅ ፎቶ፣ የሐኪም ማዘዣ የያዘ ሰው ይመጣል፤ «ይቺን አዲስ አበባ ላለ ሐኪም በቴሌግራም ላክልኝ» ይላል። ስልኩ ፎቶ የማያነሣ አለ፣ ማንሣት የማይችል አለ፣ ዓይኑ የደከመ አለ። እኛ እንልክለታለን፤ ብሩን እንቀበላለን፤ ይሄዳል።

ያን ቀን ሱቁን ዘግቼ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። የቴሌግራም ፋይሎች የሚከማቹበትን ፎልደር ከፈትኩት። ከዚያ በፊት ከፍቼው አላውቅም አልልም፤ እንደዚያ ሆኜ ግን ዓይቼው አላውቅም። ስም፣ ዕድሜ፣ የካርድ ቁጥር፣ ቀን፣ ውጤት። አንዳንዱ ስም የማውቀው ነው። የመስጊድ ጎረቤቴ አለ። የልጄ አስተማሪ አለች። የስካነሩ ፎልደር ውስጥ ደግሞ ሌላ ክምር አለ። የተሰረዙት እንኳን ማጠራቀሚያ ቅርጫቱ ውስጥ እንዳሉ ተቀምጠዋል። ከሁሉ የከፋው፣ ሁለት ደንበኞች የራሳቸውን ቴሌግራም በእኛ ኮምፒውተር ከፍተው ሳይዘጉ ሄደዋል። ጠቅ ባደርገው ከሐኪማቸው ጋር የተጻጻፉት ሁሉ ፊቴ ይዘረገፋል። አላደረግኩትም። ግን አብራኝ የምትሠራው ልጅ፣ ወይም ተጠቃሚ ነኝ ብሎ የተቀመጠ ማንም ሰው፣ ሊያደርገው ይችል ነበር።

ያን ሌሊት ያሰብኩት ስለ እናቴ ነው። እሷ ከእኔ ከገዛ ልጇ የደበቀችውን ዓይነት ነገር፣ የስንቱ ሰው እናት ሳታውቀው ከእኔ ሱቅ አስቀምጣው ሄዳለች? ሐኪሙን አምናለች። ሐኪሙም ምናልባት ምስጢር ጠባቂ ነው። በመካከል ያለነውን ግን የቆጠረን የለም።

ስለዚህ ጉዳይ ማንበብ ስጀምር ያስደነገጠኝ ስለ ራሴ መሣሪያ ያገኘሁት ነገር ነው። ትልልቆቹ ዲጂታል የፎቶ ኮፒ ማሽኖች በውስጣቸው ሃርድ ዲስክ አላቸው፤ ያባዙትን ወረቀት ምስል በዚያ ሊያስቀሩ ይችላሉ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ያገለገሉ ማሽኖችን ገዝቶ ሲያስመረምር፣ በአንደኛው ውስጥ ቀድሞ በኪራይ ይጠቀምበት የነበረ አንድ የኒው ዮርክ የጤና መድን ድርጅት የሕመምተኞች መረጃ ተገኘ። ድርጅቱ ማሽኖቹን የመለሳቸው በውስጣቸው ያለውን መረጃ ሳያጠፋ ነበር። እስከ 344,579 ሰዎች መረጃ ሳይጋለጥ እንዳልቀረ ተገመተ፤ እ.ኤ.አ. በ2013ም ድርጅቱ ከአሜሪካ የጤና ሚኒስቴር ጋር ተስማምቶ 1,215,780 ዶላር ከፈለ። የእኔ ማሽን አነስተኛ ነው፤ ያ ዓይነት ዲስክ የለውም። ግን ስንቱ ያገለገለ ማሽን ከውጭ አገር መጋዘን ተነሥቶ ከተሞቻችን ይገባል! የእኛንስ ስንሸጥ ምን ይዞ ይሄድ ይሆን ብሎ የጠየቀ ነጋዴ ገጥሞኝ አያውቅም። እኔም እስከዚያ ቀን አልጠየቅኩም።

አሁን ሱቃችን ውስጥ አንድ ሥርዓት አለ። የጤና ወረቀት ከተላከ በኋላ ደንበኛው እያየ እናጠፋዋለን፤ ከፎልደሩም ከቅርጫቱም። ውጤቱን ጮክ ብለን አናነብም። ሰው «ምን ይላል?» ብሎ ሲጠይቀን «እሱን ሐኪሙ ይንገርዎ» እንላለን፤ ከዚህ በፊት አዋቂ ለመምሰል እናነብለት ነበር፤ ወረፋ የቆመው ሰው ሁሉ እየሰማ። ቴሌግራሙን እዚህ ከፍቶ ለነበረ ሰው፣ ቅንብሩ ውስጥ «መሣሪያዎች» የሚለውን ከፍቶ የእኛን ኮምፒውተር ከስልኩ እንዴት እንደሚያስወጣ እናሳየዋለን። ይህ ሁሉ የሚወስደው ሁለት ደቂቃ ነው። ሁለት ደቂቃውን ያልሰጠሁባቸው ዓመታት ይቆጩኛል።

ብዙ ሰው ስለ ቪዲዮ ቀጠሮ ምስጢር ሲነሣ የሚያስበው በመካከል ስላለው መስመር ነው። «ይጠለፍ ይሆን?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም እንደምንጠቀመው መንገድ ይለያያል። የዋትስአፕ ጥሪና መልእክት ከስልክ እስከ ስልክ የተቆለፈ ነው። ቴሌግራም ላይ ጥሪው እንደዚያው የተቆለፈ ሲሆን፣ ተራው የጽሑፍ ውይይት ግን በኩባንያው ማከማቻ ላይ ይቀመጣል፤ እንደ ጥሪው እንዲቆለፍ ከተፈለገ ምስጢራዊ ውይይት የሚለው ለብቻው መከፈት አለበት። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ የሕመሙን ፎቶ የሚልከው በተራው ነው። የተራ ስልክ አጭር መልእክት ደግሞ እንዲህ ያለ ቁልፍ የለውም፤ ከዚህም በላይ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሳለ ስክሪኑ ላይ ብልጭ ብሎ ይነበባል። የአንድ ሰው ውጤት በዚያች ብልጭታ ቤተሰቡ ዘንድ ሊደርስ ይችላል።

እኔ ግን ከራሴ ቤትና ከራሴ ሱቅ ያየሁት ገመዱ የሚበጠሰው በመካከሉ ሳይሆን በሁለቱ ጫፎቹ መሆኑን ነው። በአንደኛው ጫፍ የእኛ ሳሎን አለ። በሌላኛው ጫፍ የሐኪሙ ክፍልና የሐኪሙ መዝገብ አለ። ፊንላንድ ውስጥ ቫስታሞ የሚባል የሥነ ልቦና ሕክምና ድርጅት ነበር። የሰዎቹ የምክክር ማስታወሻ ከመዝገቡ ተሰረቀና እ.ኤ.አ. በ2020 ዘራፊው ለሕመምተኞቹ ለእያንዳንዳቸው ኢሜይል እየጻፈ፣ ገንዘብ ካልከፈላችሁ የተናገራችሁትን ለዓለም አወጣዋለሁ አላቸው። መረጃቸው የተሰረቀባቸው ሰዎች 33,000 ገደማ ነበሩ። ሰዎች በሕይወታቸው ለማንም ያልነገሩትን፣ ለባለሙያ ብቻ የነገሩትን ነገር ነው። መስመሩን አልጠለፈም፤ መሳቢያውን ነው የከፈተው።

የእኛ ቤተሰብ መሳቢያ ደግሞ የቴሌግራም ቡድናችን ነው። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። እናቴ መድኃኒት ሲታዘዝላት ማዘዣውን ፎቶ አንሥቼ ሃያ ሦስት ሰዎች ያሉበት የቤተሰብ ቡድን ውስጥ አስገብቼው ነበር። ጂዳ ያለችው ታናሽ እህቴ መድኃኒቱን እዚያ ትፈልግ ይሆናል ብዬ ነው። ልቤ ንጹሕ ነበር። ከሃያ ሦስቱ ውስጥ ግን የአጎቴ ልጆች ባሎች አሉ፣ እናቴ ፊት ለፊት አግኝታቸው የማታውቅ ሰዎች አሉ። መድኃኒቱን ስም በስልካቸው ጽፎ ለምን እንደሚሰጥ ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አሁን ባጠፋውም በየሰዉ ስልክ ጋለሪ ውስጥ ይቀራል። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» የሚባለው ለጣትም እንደሚሆን አላሰብኩም ነበር። ጂዳ ላለችው እህቴ ለብቻዋ መላክ እችል ነበር። ከዚያም በፊት እናቴን መጠየቅ እችል ነበር።

ሕግ አለን። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወት፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚያደርገውንም ግንኙነት ያስከብራል። ከዚያ በላይ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መረጃዎች መካከል ይመድበዋል፤ አፈጻጸሙን የሚከታተለውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ መውጣቱ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም የፎቶ ኮፒ ሱቅ ባለቤት እንደመሆኔ፣ እስካሁን ማንም መጥቶ የሰው የጤና ወረቀት ስታገኝ እንዲህ አድርግ ያለኝ የለም። የስልክ ጥገና ቤቶች፣ ሰው ስልኩን ከነይለፍ ቃሉ የሚሰጣቸው ጎረቤቶቼም የሰሙት ነገር የለም። ሕጉ ከአዲስ አበባ እስከ ፒያሳችን ለመድረስ የሚጓዘው መንገድ ከእናቴ መንገድ ይረዝማል።

ከእህቴ ጋር ከተነጋገርን በኋላ ለሐኪሟ ደወልኩላት። ምን እንደሆነ አልነገርኳትም፤ እኔም በትክክል አላውቀውም ነበር። «እናቴ ብቻዋን ሆና እንድታነጋግርሽ እፈልጋለሁ፤ ባለፈው ቤቱ ውስጥ ሰው ነበር» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ «መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ» አለችኝ። ይህን ያለችበትን ድምፅ አከብራለሁ። ወቀሳውን ለእኔ ትታው ብትሄድ ማንም አይጠይቃትም ነበር።

ቀጠሮውን ከቡና ሰዓት አራቅነው፤ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት አደረግነው፤ ሰው ወደየጉዳዩ የሚሄድበት ጊዜ ነው። የጆሮ ማዳመጫ ገዛሁላት። እናቴ ጆሮዋ ውስጥ የሚገባውን ስላልወደደችው ጆሮ ላይ የሚደፋውን ነው የገዛሁት፤ ከሻርፗ በላይ ይቀመጣል። ማዳመጫው የሐኪሟን ድምፅ ይሸፍናል፤ የእናቴን ድምፅ ግን አይሸፍንም። ለዚህም ሐኪሟ መላ ነበራት፤ ከባድ የሆነውን ጥያቄ እሷ ረዘም አድርጋ ትጠይቃለች፣ እናቴ «አዎ» ወይም «አይ» ትላለች። ድንገት ሰው ቢገባ ደግሞ እናቴ አንድ ቃል ትናገራለች፣ ሐኪሟም ያኔ ወሬውን ወደ ደም ግፊትና ወደ እንቅልፍ ትለውጣለች። «ምን እንበል?» ስትላት እናቴ ራሷ መረጠች፤ «ቡናው ፈላ»።

እናቴ አንድ ጥያቄ ነበራት። «መልኬ እዚያ ይቀራል?» አለችኝ። ሳልመልስላት አነበብኩ። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2020 በአንድ የሕክምና መተግበሪያ የሚጠቀም ሰው የራሱን ቀጠሮ ሊያይ ሲከፍት፣ የሌሎች ሕመምተኞች የቪዲዮ ቀጠሮ ቅጂ ተዘርዝሮ አግኝቷል። መተግበሪያው ባቢሎን ይባል ነበር፤ ኩባንያውም ስሕተቱን አምኗል። ስለዚህ የእናቴ ጥያቄ የአሮጊት ስጋት አልነበረም። ጥያቄዋን ለሐኪሟ አቀረብኩላት። «አይቀዳም፤ የምጽፈው ማስታወሻ ብቻ ነው፣ እሱንም ምን እንደምጽፍ እነግራቸዋለሁ» አለች።

በቀጠሮው ቀን ስልኩን ጓዳ ውስጥ፣ ከዱቄት ጆንያው ላይ አስደግፌ አዘጋጀሁላት። ሐኪሟ ታየች። ከሰላምታ በፊት ስልኳን አንሥታ ክፍሏን ዙሪያውን አሳየቻት፤ ጠረጴዛውን፣ መስኮቱን፣ የተዘጋውን በር። «እናቴ፣ እኔ ብቻዬን ነኝ። እርስዎስ ጋ ማን አለ?» አለቻት። እናቴ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። ወጣሁ። በሩን ከውጭ ሳብኩት።

ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ወርዶ ነበር። የከድር እናት ትንሽ ቆይተው መጡ፤ «እናትህ አሉ?» አሉኝ። ተነሥቼ «አሉ፤ ከሐኪማቸው ጋር ናቸው፤ ትንሽ ይቆዩ» አልኳቸው። ይከፋቸው ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። «አብሽር፤ እኔም እዚሁ እጠብቃለሁ» ብለው ከጎኔ ተቀመጡ። ሁለታችንም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራን።

ከውስጥ ምንም አይሰማም። በመካከሉ የወንድሜ ልጅ በጓሮ በኩል ዞራ እንደገባች ያወቅኩት የእናቴ ድምፅ ከፍ ብሎ ሲወጣ ነው። «ቡናው ፈላ!» አለች። የከድር እናት ወደ ምድጃው ተመለከቱ፤ እሳት የለም፣ ጀበና የለም። ወደ እኔ ዞሩ። ምንም አላልኳቸውም። ገብቼ ልጅቷን በእጇ ይዤ አወጣኋት፤ ዓይኔን ወደ እናቴ አላዞርኩም።

ለአርባ ደቂቃ ያህል ቆየች። ባለፈው ቀጠሮ ስምንት ደቂቃ ነበር የቆየችው። ስትወጣ ማዳመጫውን አንገቷ ላይ አውርዳ፣ ስልኩን በሁለት እጇ እንደ ሲኒ ይዛዋለች። ወደ እኔ ዘረጋችው።

«እስቲ እየው፤ ጠፍቷል?»

አየሁት። ስክሪኑ ጥቁር ነው። ከፍቼ ጥሪው መዘጋቱን አረጋገጥኩ። «ጠፍቷል፣ እማዬ» አልኳት።

«በደንብ?»

«በደንብ» አልኳት፤ ስልኩንም መልሼ ሰጠኋት።